አባ ባሕርይ ዘጋሞ እና የእግዚአብሔርን ምሪት መለየት

ክርስቲያን ሁሉ በሕይወቱ ዘመን አጥብቆ የሚሻው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም እግዚአብሔር በየትኛው መንገድ እንዲሄድ እንደሚፈቅድለት ማወቅ ነው። ነገር ግን ይህን የሚሻ ሰው ብዙ ጊዜ በሁለት ወገን ይሳሳታል። አንዱ ሰው ልቡ የወደደውን ሁሉ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው ብሎ ይቀበላል፤ መሬት ቢገዛ፣ አገር ቢለቅ፣ ከወንድሙም ቢጣላ እግዚአብሔር መራኝ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ክፉ ነገር በደረሰበት ጊዜ ሁሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ሳያጥረው ቀርቶ የተበላውን እርሻ፣ ሳይጠብቀው ቀርቶ የጠፋውን ከብት እንኳ በፈጣሪው ያመካኛል። የመጀመሪያው ሰው ምኞቱን፣ ሁለተኛውም ስንፍናውን የእግዚአብሔርን ስም አልብሶ ያኖረዋል። በእነዚህ በሁለቱ ስሕተቶች መካከል ያለችው ጠባብ መንገድ በቃል ብቻ ከምትነገር ይልቅ በሰው ሕይወት ስትታይ ይበልጥ ትገባለችና፣ አገራቸው ጋሞ የነበረ የአባ ባሕርይ ታሪክ ለዚህ ነገር የቅርብ ምሳሌ ነው።

የጋሞ ደጋ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተ ምዕራብ የሚነሣ ተራራማ አገር ነው። በሐይቆቹ ዳር ያለው ቆላ ሙቀቱ የጸና ሲሆን፣ ወደ ላይ የወጣ ሰው ግን ብርድና ጉም፣ የገብስ እርሻና የእንሰት ተክል ያገኛል። ካምባም በዚሁ አገር በደቡብ ምዕራብ ወገን ያለች የጋሞ ምድር ናት። ይህ አገር በጥንት ዘመን ከክርስቲያኑ መንግሥት ጋራ የተያያዘ ነበረ። ከ1406 እስከ 1422 ዓ.ም. ለነገሡት ለዓፄ ይስሐቅ ክብር የተገጠመው የአማርኛ ውዳሴ ለንጉሡ ከገበሩት አገሮች መካከል የጋሞን ስም ያነሣል። በጋሞ ደጋ ላይ ያለችው ብርብር ማርያምም ከአገሩ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት አንዲቱ ስትሆን፣ የታሪክ ሊቃውንት አባ ባሕርይን ከዚህች ቤተ ክርስቲያን ጋራ ያያይዟቸዋል። እንግዲህ ስለ እርሳቸው የሚነገረው ነገር ለጋሞ ምእመን የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ በገዛ ተራራው ላይ የቆመ፣ የገዛ ምድሩን አፈር የረገጠ የአንድ መነኵሴ ሕይወት ነው።

አባ ባሕርይ የኖሩበት ዘመን ለኢትዮጵያ የመከራ ዘመን ነበረ። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኵሬ በተደረገው ጦርነት የዓፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ በተለምዶ ግራኝ በሚባለው፣ ድል ከሆነ በኋላ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍት ጠፉ፤ ካህናትም ተበተኑ። ንጉሡ ከአንዱ አምባ ወደ ሌላው ሲሸሹ ኖረው በ1532 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው ዓፄ ገላውዴዎስ በ1535 ዓ.ም. በፖርቱጋል ወታደሮች ረዳትነት ጦርነቱን በድል ቢፈጽሙም፣ እርሳቸውም በ1551 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ወደቁ። በዚህ ሁሉ ውጊያ ክርስቲያኑም እስላሙም ደክሞ ሳለ፣ በዓፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከባሌ ዳርቻ የተጀመረው የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄደ። ከ1555 እስከ 1590 ዓ.ም. የነገሡት ዓፄ ሠርፀ ድንግል፣ በመንግሥት ስማቸው መለክ ሰገድ የተባሉት፣ ዘመናቸውን ከአንዱ ጦር ሜዳ ወደ ሌላው ሲዘምቱ አሳለፉ። በደቡብ ያሉት የክርስቲያን አገሮችም ከመንግሥቱ መካከል እየራቁ፣ ከጳጳሱና ከንጉሡም እየተለዩ መጡ። አባ ባሕርይ የተማሩትና የመነኰሱት፣ የጻፉትም በዚህ በተናወጠ ዘመን ነው።

ስለ ምንኵስናቸው አጀማመር ራሳቸው በጽሑፋቸው ውስጥ በጥቂት ቃል አመልክተዋል። ገና በወጣትነታቸው በትምህርት ላይ ሳሉ መነኰሳት ወደ እነርሱ ሕይወት ስበዋቸው መነኰሱ። ራእይ አየሁ፣ ከሰማይ ድምፅ ሰማሁ አላሉም፤ የተጠሩት በመምህራኖቻቸው በኩል መሆኑን ብቻ በግልጥ ተናገሩ። በዚህ ነገር ውስጥ የመጀመሪያው ትምህርት አለ። ብዙ ሰው የእግዚአብሔር ጥሪ ሁልጊዜ በታላቅ ምልክት የሚመጣ ይመስለዋል። ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ ብላቴና ሳለ በመቅደስ ውስጥ የተጠራበትን ድምፅ የእግዚአብሔር መሆኑን አላወቀም ነበረ፤ እየተነሣ ወደ ካህኑ ወደ ዔሊ ይሮጥ ነበረ። ድምፁን መለየት የተማረው ሽማግሌው ካህን ከነገረው በኋላ ነው። ዔሊ በቤቱ ላይ ብዙ ጕድለት የነበረበት ሰው ሲሆን፣ እግዚአብሔር ግን ብላቴናውን ለማስተማር እርሱን አልናቀውም። እንደዚሁ ሁሉ በአብነት ትምህርት ቤት የሚቀመጥ ተማሪ ከአገሩ ርቆ፣ እህል ለምኖ፣ በመምህሩ እግር ሥር ሆኖ ንባቡንና ዜማውን፣ ቅኔውንና ትርጓሜውን ሲማር ከትምህርቱ ጋራ መታዘዝን ይማራል። ራሱን ለማንም የማያስመረምር፣ ከመምህርና ከንስሐ አባት ምክር የሚሸሽ ሰው የእግዚአብሔርን ድምፅ ከገዛ ልቡ ድምፅ ለመለየት የሚችልበት ሚዛን የለውም።

ሁለተኛው ነገር ጸሎታቸው ነው። መዝሙረ ክርስቶስ የተባለው በግእዝ የተደረሰ የጸሎት መጽሐፍ የአባ ባሕርይ ድርሰት መሆኑን ሊቃውንት ይናገራሉ። ይህም ድርሰት የዳዊትን መዝሙር አርአያ አድርጎ የተደረሰና ምስጋናውን ወደ ጌታችን ወደ ኢየሱስ ክርስቶስ የሚመልስ ነው። ዳዊት ለኢትዮጵያ ካህን የዕለት እንጀራው ነው፤ ሕፃን ፊደል ከለየ በኋላ የሚደግመው፣ ሽማግሌ በሌሊት ተነሥቶ የሚያነበንበው፣ ሙታንም የሚሸኙበት መጽሐፍ ነው። የዳዊት መዝሙር ልቅሶንም እልልታንም፣ በጠላት ላይ የሚቀርብ አቤቱታንም፣ ስለ ገዛ ኀጢአት የሚፈስስ እንባንም በአንድነት የያዘ ስለ ሆነ፣ ሥራዬ ብሎ የሚደግመው ሰው ከእግዚአብሔር ፊት ምንም ነገር መሰወር እንደማይገባ ይለምዳል። አባ ባሕርይም ኋላ ስለ አገራቸው ውድቀት ሲጽፉ የታየባቸው እውነትን የመናገር ድፍረት ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ ነው ቢባል የተገባ ነው። በጸሎት ራሱን ለመግለጥ ያልለመደ ሰው በአደባባይ እውነትን ለመናገር አይችልምና።

ከዚህ በኋላ መከራው ወደ ቤታቸው ደረሰ። በጊዜው ከዘመቱት የኦሮሞ ወገኖች የአንዱ ጦር አገራቸውን ጋሞን ወረረ፤ የነበራቸውንም ሀብት ሁሉ ዘረፈ። ይህን የሚያህል ጥፋት የደረሰበት ሰው ልቅሶውን በብዙ ገጽ ቢጽፍ የሚፈርድበት አይኖርም ነበረ። አባ ባሕርይ ግን ስለ ራሳቸው ጉዳት የጻፉት በጥቂት ቃል ብቻ ነው፤ እርሱንም ያስገቡት በታሪኩ መካከል እንደ ማንኛውም የዘመኑ ነገር አድርገው ነው። ከዚያም ወዲያው ወደ ታሪኩ ይመለሳሉ።

በዚህ ስፍራ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሀብት የጠፋበት ሰው በፊቱ ሁለት ቀላል መንገዶች ይከፈቱለታል። አንዱ መንገድ በእግዚአብሔር ላይ ማጕረምረም ነው፤ ሁለተኛውም ይህ የሆነው ስለ ኀጢአታችን ነውና ዝም እንበል ብሎ ነገሩን መዝጋት ነው። ማጕረምረም እምነትን ያጠፋል፤ ሁለተኛውም ትሕትና ቢመስልም ማስተዋልን ያጠፋል። አባ ባሕርይ ከሁለቱ አንዱን አልያዙም። በእጃቸው የቀረላቸውን ተመለከቱ። መሬትና ከብት ለወራሪ ቢሄድም ዕውቀታቸውንና ብዕራቸውን የዘረፈባቸው አልነበረም። ሙሴ በምድረ በዳ በተጠራ ጊዜ እግዚአብሔር የጠየቀው በእጁ ስላለው ነገር ነበረ፤ በእጁም የነበረው የእረኛ በትር ብቻ ነበረ፤ ነገር ግን ያ በትር ባሕር የተከፈለበት ሆነ። የእግዚአብሔር ምሪት ብዙ ጊዜ ሰው ባጣው ነገር ሳይሆን በቀረለት ነገር ይታወቃል።

በ1585 ዓ.ም. ገደማ አባ ባሕርይ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ ታሪክ የሚናገረውን በግእዝ የተጻፈ ድርሰታቸውን ፈጸሙ። ድርሰቱ ትንሽ ነው፤ በታተመበት አከፋፈል ከ20 አጫጭር ምዕራፎች አይበልጥም። ሲጀምሩም አንድ ተቃዋሚ እንደሚነሣባቸው ያውቁ ነበርና መልሱን አስቀድመው አዘጋጁ፤ ይኸውም ስለ ክፉዎች ታሪክ ስለ ምን እንደ ደጎቹ ታሪክ ይጻፋል የሚል ነው። እርሳቸውም የሃይማኖት ጠላት የተባሉ የእስላም ነገሥታት ታሪክ እንኳ በመጻሕፍት እንደ ተጻፈ፣ ጊዮርጊስ ወልደ አሚድም የሌሎች መንግሥታትን ታሪክ እንደ ጻፈ አመልክተው የጀመሩትን ሥራ ቀጠሉ። እንግዲህ ያ የተዘረፈ መነኵሴ የዘረፉትን ሰዎች የነገድ ስም፣ የአባቶቻቸውን የትውልድ ሐረግ፣ ቦረንና በረይቱማ የተባሉትን ሁለት ታላላቅ ወገኖችና ከእነርሱ የተወለዱትን ነገዶች በየተራው ቈጠረ። እንደ ሌሎች ሕዝቦች ንጉሥ የላቸውም፤ ነገር ግን ሉባ በተባለ ሥርዓት 8 ዓመት የሚገዛቸው ትውልድ አለ፤ 8ቱ ዓመት ሲፈጸም ሌላው ይተካል ብለው ሥርዓታቸውን ገለጡ። እያንዳንዱ ሉባ በየትኛው ንጉሥ ዘመን ወደ የትኛው አገር እንደ ዘመተም በተራ ጻፉ።

አባ ባሕርይ በዚህ ሥራ ውስጥ ቍጣ አልነበረባቸውም ማለት አይቻልም። በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ስለ ወራሪዎቹ የተናገሩት ቃል የመረረ ነው፤ የዚያን ዘመን ሰው ስለ ባላጋራው እንደሚናገረው ተናግረዋል። የዛሬ ዘመን ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን እንቅስቃሴ ሲመረምሩ ከጦርነቱ ጋራ የሕዝብ መስፋፋት፣ የግጦሽ ፍለጋ፣ በመጋባትና በጉዲፈቻ አንዱ ሕዝብ ከሌላው ጋራ መቀላቀል እንደ ነበረበት ያስረዳሉ። አባ ባሕርይ ግን ያዩት የነደደውን ቤት ነው። እንደዚህም ሆኖ ቍጣቸው ዓይናቸውን አላሳወረውም፤ የባላጋራቸውን የአባቶች ስም ጠይቀው ተምረው ለትውልድ አስተላለፉ። ሰው የጠላውን ሰው ስም እንኳ ለመጥራት ይጸየፋል፤ እርሳቸው ግን ስሙን ከነአያቶቹ ጻፉ። እግዚአብሔር የሚመራው ሰው ፍጹም ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ከገዛ ቍጣው አንድ እርምጃ ቀድሞ ለመሄድ የሚፈቅድ ሰው ነው።

የመጽሐፉ ልብ ያለው ግን በ19ኛው ምዕራፍ ነው። በዘመኑ የነበሩ ጠቢባን እርስ በርሳቸው አንድ ጥያቄ ይጠያየቁ ነበረ፤ ይኸውም ቍጥራችን ብዙ፣ የጦር መሣሪያችንም ብዙ ሆኖ ሳለ እንዴት ድል እንሆናለን የሚል ነው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ እግዚአብሔር ስለ ኀጢአታችን ይህን ፈቀደ ብለው ይመልሱ ነበረ። ሌሎቹ ደግሞ የአገሩ ሰው በ10 ወገን ስለ ተከፈለ ነው፤ ከ10ሩም 9ኙ ወደ ጦርነት አይወጡም፤ በመፍራታቸውም አያፍሩም ብለው ይመልሱ ነበረ። አባ ባሕርይ የፊተኛውን መልስ አልካዱም፤ ኋለኛውን ግን አንድ በአንድ ዘርዝረው ጻፉት።

ከዝርዝሩ ሁሉ አስቀድመው የጻፉት የመነኰሳትን ወገን ነው። ቍጥራቸው የማይታወቅ ብዙ መሆናቸውን፣ ከእነርሱም ገና በልጅነት በትምህርት ላይ ሳሉ የመነኰሱ መኖራቸውን፣ ጦርነት ፈርተው የመነኰሱም መኖራቸውን ተናገሩ። በልጅነት ከመነኰሱት መካከል ይህን ታሪክ የጻፈው ሰው አንዱ መሆኑን አልሸሸጉም። ሁለተኛው ወገን መጻሕፍትን የሚማሩና በማሕሌት የሚያጨበጭቡ ደብተሮች ናቸው፤ እነርሱም የሌዋውያንንና የአሮንን ልጆች ሥርዓት ምክንያት ያደርጋሉ። ሦስተኛው ወገን ፍርድ እንጠብቃለን ብለው ከጦር የሚቀሩ የፍርድ ባለሥልጣኖች ናቸው። አራተኛው የመኳንንቱን ሚስቶችና የንጉሡን ቤት ሴቶች የሚያጅቡ ናቸው፤ እነዚህም ብርቱዎችና ጐልማሶች ሆነው ሳሉ የሴቶች ጠባቂዎች ነን ይላሉ። አምስተኛው መሬታቸውን ለገበሬ እያካፈሉ የሚያዙ ባላባቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ስድስተኛው ሐሳባቸው ሁሉ በእርሻቸው ላይ የሆነ ገበሬዎች፣ ሰባተኛው ለትርፍ የሚደክሙ ነጋዴዎች፣ ስምንተኛው አንጥረኞችና ጸሐፊዎች፣ አናጢዎችም ናቸው። ዘጠነኛው እየዞሩ በመዝፈን የሚኖሩ፣ የሚሰጣቸውን የሚያሞግሱ፣ የማይሰጣቸውን የሚረግሙ አዝማሪዎች ናቸው። አሥረኛው ወገን ብቻ ጋሻና ጦር ይዞ የንጉሡን ዱካ ይከተላል፤ እርሱም ጥቂት ስለ ሆነ አገር ጠፋ። በኦሮሞ ዘንድ ግን ይህ ሁሉ መከፋፈል የለም፤ ታናሹም ታላቁም ለአንድ ሥራ ይነሣል ብለው ደመደሙ።

ይህ ምዕራፍ መነኰሳት ሁሉ ጦር ያንሡ ለማለት የተጻፈ አይደለም። ትርጓሜው ከዚህ ይጠልቃል። ከ9ኙ ወገኖች እያንዳንዱ ከጋራው ሸክም የሚያመልጥበት የተከበረ ምክንያት ነበረው። አንዱ ሃይማኖትን፣ አንዱ ፍርድን፣ አንዱ የሴቶችን ክብር፣ አንዱም እርሻውን ያነሣል። ምክንያቱ ሁሉ ለብቻው ሲታይ መልካም ነው፤ ሁሉም በአንድነት ሲታይ ግን የፈረሰች አገር ነው። አባ ባሕርይም ከሌሎች ሁሉ አስቀድመው የገዛ ወገናቸውን በዝርዝሩ ራስ ላይ አኖሩ፤ ከወገናቸውም መካከል ራሳቸውን ቈጠሩ። ይህ ነገር ለካህንም ለምእመንም ታላቅ ተግሣጽ ነው። ስለ ኀጢአታችን ነው የሚለው ቃል እውነተኛ ንስሐ የሚሆነው ኀጢአቱ ስም ሲወጣለትና ባለቤቱ ሲታወቅ ነው። ስም ያልወጣለት ኀጢአት፣ ሁሉም የሚናዘዘው ማንም ግን የማይሸከመው ኀጢአት፣ መተኛ ትራስ ነው እንጂ ንስሐ አይደለም። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በመጣ ጊዜ ስለ እስራኤል ሁሉ በደል በጠቅላላ አልተናገረም፤ በደለኛው ራሱ ዳዊት መሆኑን በፊቱ ገለጠለት። ዳዊትም የዳነው ነገሩን በጦርነትና በአጋጣሚ ሳያመካኝ የእኔ ነው ብሎ በመቀበሉ ነው።

ይኸው መጽሐፍ ዓፄ ሠርፀ ድንግልን የሚያመሰግንበት ምክንያትም ከዚሁ ትምህርት ጋራ የሚስማማ ነው። የቀደሙት ነገሥታት ልማድ ሠራዊቱን ወደ ፊት ሰድዶ፣ ራስን ከምርጥ ፈረሰኞች ጋራ ወደ ኋላ አስቀርቶ፣ የጀገነውን ማመስገንና የፈራውን መቅጣት ነበረ። ይህ ንጉሥ ግን ራሱ በጭፍሮቹ ፊት ቀድሞ ገባ ብለው አባ ባሕርይ ጻፉ። ስለዚህም ለእርሳቸው የመሪ ምልክቱ ትእዛዙ ሳይሆን እግሩ የቆመበት ስፍራ ነው። መልካም እረኛም በጎቹን ከኋላ ሆኖ የሚነዳ ሳይሆን ቀድሞ እየሄደ ድምፁን የሚያሰማ መሆኑን ጌታ በወንጌል አስተምሯል። እግዚአብሔር ሰውን የሚመራው ቀድሞ በመሄድ ስለ ሆነ፣ በእርሱ የሚመራ ሰውም ሌላውን በሩቅ ሆኖ አያዝም፤ በሸክሙ ሥር ቀድሞ ይገባል።

እንግዲህ ከአባ ባሕርይ ሕይወት የእግዚአብሔርን ምሪት ለመለየት የሚረዱ ፈተናዎች ይገኛሉ። አንድ ሐሳብ በልብ ውስጥ በተነሣ ጊዜ ሰው ራሱን ይጠይቅ፤ ይህ ሐሳብ ከመምህርና ከንስሐ አባት ፊት ሊቀርብ ይችላልን፤ ወይስ ጨለማ የሚወድ ነው። በጸሎት ጊዜ ሲታወስ ያፀናልን፤ ወይስ ጸሎቱን ያቋርጣል። በእጅ ያለውን ሥራ ያስጀምራልን፤ ወይስ የሌለውን እያስመኘ ያለውን ያስንቃል። ስለ ራስ በደል እውነት ያናግራልን፤ ወይስ ጥፋቱን ሁሉ በሌላ ሰው ደጅ ይጥላል። ከጋራው ሸክም ሥር ያስገባልን፤ ወይስ በተከበረ ምክንያት ያስመልጣል። በመጨረሻም ባላጋራን እንደ ሰው ያሳያልን፤ ወይስ ስሙን እንኳ ያስጠላል። ምኞት የመጀመሪያውን ፈተና ሊያልፍ ይችል ይሆናል፤ ስንፍናም ጸሎተኛ ሊመስል ይችላል፤ ሁሉንም ፈተና አልፎ የሚቆም ግን ከእግዚአብሔር የሆነ ነው።

የእግዚአብሔር ምሪት ሌላው ጠባዩ ፍሬው ከዘሪው ዘመን በኋላ መታየቱ ነው። አባ ባሕርይ ካለፉ በኋላ ጋሞ ከክርስቲያኑ መንግሥት ለብዙ ዘመን ተለይታ ኖረች። እንደዚህም ሆኖ የመስቀል በዓል በጋሞ ምድር ከበዓላት ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ፤ ሊቃውንትም ይህን የጥንቱ ክርስትና ቅሪት መሆኑን ይናገራሉ። ትንሿ መጽሐፋቸውም እንደዚሁ በብራና ላይ እየተገለበጠች ኖረች። በ17ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ማኑኤል ደ አልሜዳ ለታሪኩ ተጠቀመባት፤ ከዚያ በኋላም የአውሮፓ ሊቃውንት ከነትርጓሜዋ አሳተሟት። በአሜሪካ አገር ይኖሩ የነበሩት ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም የአባ ባሕርይን ድርሰቶች ሰብስበው ለአማርኛ አንባቢ አቀረቡ። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ሥርዓት ጥንታዊ የጽሑፍ ምስክር ከሆኑት መካከል ቀዳሚው ያ የጋሞ መነኵሴ የጻፈው ነው። የተዘረፈው ሰው የጻፈው መጽሐፍ ለዘራፊዎቹ የልጅ ልጆች የአባቶቻቸውን ስም የሚያገኙበት መዝገብ ሆነ። ይህን አባ ባሕርይ አላሰቡትም፤ በእጃቸው ያለውን ሥራ በታማኝነት ሠሩ፤ የፍሬውን ቀን ግን የወሰነው እግዚአብሔር ነው። ዮሴፍም ወደ ግብፅ በተሸጠ ጊዜ የወንድሞቹን ልጆች ከራብ እንደሚያድን አላወቀም ነበረ።

ከአባ ባሕርይ ዘመን ከ400 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የጋሞ ሕዝብ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ያለውን ነገር እንደ ገና የሚፈትን ቀን አገኘው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ ባለችው በቡራዩ በተነሣው ሁከት የጋሞ ተወላጆች ተገደሉ። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ብዙ ወጣቶች በቍጣ ተነሥተው በከተማው ባለው የኦሮሞ ሰዎች ንብረት ላይ ብድር ለመመለስ ወጡ። የጋሞ ሽማግሌዎች ግን እንደ አባቶቻቸው ልማድ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ሥርዓት ሽማግሌ ሣር ይዞ በለመነበት ስፍራ አልፎ መሄድ ነውር ስለ ሆነ፣ ወጣቶቹ ቆሙ፤ ተመለሱም። እነዚያ ሽማግሌዎች ሐዘን አልነበረባቸውም ማለት አይደለም፤ የሞቱት ልጆቻቸው ነበሩና። ነገር ግን ሌላው ይሂድ አላሉም፤ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፣ ይህ የካህናት ሥራ ነው ብለው በቤታቸው አልተቀመጡም። ከ9ኙ ወገኖች ምክንያት አንዱንም ሳያነሡ በጋራው ሸክም ሥር ገቡ፤ የተሸከሙት ግን ጋሻና ጦር ሳይሆን ሣር ነበረ። አባ ባሕርይ ጐድሎ ያዩት አሥረኛው ወገን በዚያ ቀን በጋሞ ምድር ላይ በጕልበቱ ተንበርክኮ ተገኘ።

ኢዮቤልዩ በኦሪት ሥርዓት ቀንደ መለከት የሚነፋበት፣ ባሪያ ነጻ የሚወጣበት፣ ርስቱን ያጣም ወደ ርስቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩ ያለፈውን ዘመን በእልልታ የሚያከብሩበት ብቻ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ሰው ከአሥሩ ወገኖች በየትኛው እንደ ቆመ የሚመረምርበት ቀን ነው። ካህኑ በአገልግሎቱ፣ ዲያቆኑ በትምህርቱ፣ ነጋዴው በንግዱ፣ ገበሬው በእንሰቱና በገብሱ፣ ሽማግሌው በዕድሜው፣ ወጣቱም በወጣትነቱ እያመካኘ ከጎረቤቱ ሸክም የተለየ እንደ ሆነ፣ እግዚአብሔር ወዴት እንደሚመራው አይጠይቅ፤ መንገዱ በደጁ ፊት ነውና። ድኻ አደግ በሰፈሩ ያለ፣ የተጣላ ወንድም በአጥሩ ማዶ ያለ፣ ያልተማረ ሕፃን በቤቱ ያለ ሰው የእግዚአብሔርን ፈቃድ ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም።

ሀብታቸውን አጥተው እውነትን ያላጡትን፣ በበደል ዝርዝር ላይም ራሳቸውን ቀድመው የጻፉትን የአባ ባሕርይን መንፈስ እግዚአብሔር ለጋሞ ካህናትና ምእመናን ሁሉ ያድል፤ በካምባ ተራሮች ላይ ያለችውን ቤተ ክርስቲያኑንም በምሪቱ ይጠብቅ። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።